ጅራፉ ለምን ይጮኻል?
ሕፃናት በቤት ውስጥ ስለሚያነሡት ጥያቄና እኛ ስለምንሰጠው መልስ



አባቶቻችን «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ያሉት ለትልልቅ ተማሪዎች ብቻ አይደለም። አፉን የፈታ ሕፃን ሁሉ ይህን ምሳሌ ማንም ሳያስተምረው በሥራ ላይ ሲያውለው እናያለን። መጀመሪያ «ይኼ ምንድን ነው?» ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ ሦስትና አራት ዓመት ሲሞላው ደግሞ «ለምን?» ማለት ይጀምራል። «ለምን?» የምትለዋ ቃል ከተጀመረች በኋላ ቤቱ ዕረፍት የለውም። ምጣዱ፣ እንስራው፣ መብራቱ፣ ዝናቡ፣ ጥላው፣ ሁሉም ይጠየቅበታል።

በከተማችን በጎንደርም ሆነ በዳባትና በደባርቅ ደጋ እናት በጓዳ፣ አባት በእርሻ ወይም በገበያ ሲውሉ ሕፃኑን ይዞ የሚውለው ታላቅ ወንድሙ ወይም ታላቅ እኅቱ ነው። ስለዚህ ጥያቄው በመጀመሪያ የሚወድቀው በእኛ በወጣቶች ላይ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤታችን በሕፃናት ክፍል የምናስተምርም ይኸው ዕጣ ይደርሰናል። እንግዲህ ምን እንመልሳለን? ይህች ጽሑፍ በዚህ ጉዳይ ላይ ትንሽ ትምህርት ለመስጠት ተዘጋጅታለች። መጀመሪያ ስለ ተለመዱት መልሶቻችን፣ ቀጥሎ በየቤታችን ስለሚነሡ አምስት ጥያቄዎች፣ በመጨረሻም ጥያቄን ስለ መቀበል ዘዴ እንነጋገራለን።

1ኛ. የተለመዱት ሦስት መልሶች

ሕፃን ሲጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ መልሶች አንዱን እንሰጠዋለን።

የመጀመሪያው «ዝም በል፤ ልጅ አይጠይቅም» የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ክፋት አስበው አይደለም። ጠያቂ ልጅ ባለጌ ይሆናል የሚል ሥጋት አለባቸው። ነገር ግን ጨዋነት በአጠያየቅ እንጂ ባለመጠየቅ አይገኝም። ልጁ የታላላቆችን ንግግር እያቋረጠ ከጠየቀ ተራውን እንዲጠብቅ እናስተምረው፤ ጥያቄውን ግን አንግደልበት። ብዙ ጊዜ «ዝም በል» የተባለ ልጅ በመጨረሻ ዝም ይላል። ትምህርት ቤት ገብቶ መምህሩ «ጥያቄ ያለው?» ሲሉ እጁን የማያነሣው ይኸው ልጅ ነው።

ሁለተኛው «እግዜር አድርጎት ነው» የሚለው ነው። ይህ መልስ ሐሰት ነው ማለታችን አይደለም። ሕፃኑ የጠየቀው ግን «ማን ሠራው?» ብሎ ሳይሆን «እንዴት ይሆናል?» ብሎ ነው። የአንዱን ጥያቄ መልስ ለሌላው ሰጥተን ብናሰናብተው የእግዚአብሔርን ስም የጥያቄ መዝጊያ አደረግነው እንጂ አላከበርነውም። በዚችው በጎንደር የመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት መምህሩ አንዲቱን ቃል ይዘው «አንድም… አንድም…» እያሉ ምሥጢሯን ሲያበዙ፣ ደቀ መዝሙሩም ምሥጢሩ እስኪገባው ሲመረምር ይኖራል። ለመጽሐፍ ቃል ይህን ያህል የሚደከም ከሆነ፣ ስለ ፍጥረት ለሚጠየቅ ቃል ጥቂት መድከም የሚያስነውር አይደለም።

ሦስተኛው መልስ ከሁለቱ የሚከፋው ነው፤ እርሱም ውሸት ነው። «ጅቡ ይበላሃል»፣ «ጉድጓዱ ውስጥ ጭራቅ አለ» እያልን እናስፈራራዋለን። ልጁ አድጎ ጭራቅ አለመኖሩን ሲያውቅ፣ በዚያው ቃል የነገርነውን እውነተኛ ማስጠንቀቂያም አብሮ ይጥለዋል።

2ኛ. በቤታችን የሚገኙ አምስት ጥያቄዎች

ሀ) ጅራፉ ምንም ሳይመታ ለምን ይጮኻል?

ቡሄ ሲደርስ ልጆች ጅራፍ ገምደው ሲያጮኹ ይሰነብታሉ። ቆሞ የሚያይ ሕፃን ይህን ጥያቄ ሲያነሣ ትልልቆቹ «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» የሚለውን ተረት ጠቅሰው ስቀው ያልፉታል። ተረቱ ግን በድሎ ስለሚያለቅስ ሰው የተነገረ እንጂ ስለ ጅራፍ የተሰጠ መልስ አይደለም።

መልሱ ይህ ነው። ጅራፍ በእጀታው በኩል ወፍራም፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ነው። ክንዳችን ለወፍራሙ ክፍል የሰጠው ኃይል በገመዱ እየተላለፈ ወደ ቀጭኑ ሲሄድ፣ የሚገፋው ነገር እየቀለለ ስለሚመጣ ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል። በመጨረሻም ጫፉ ከድምፅ ይፈጥናል። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል፣ በአንድ ሰዓትም ከ1200 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ጫፉ ከዚህ ሲፈጥን አየሩ ከፊቱ ዞር ለማለት ጊዜ ያጣል፤ ይጨመቅና በድንገት ይለቀቃል፤ የምንሰማው ጩኸት ይኸው ነው። ከድምፅ የሚፈጥኑ ጀቶች ሲያልፉ የሚሰማው ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅም መነሻው ተመሳሳይ ነው። እንግዲህ የእረኛው ልጅ ጅራፍ፣ ሰው አውሮፕላን ከመሥራቱ ብዙ ዘመን ቀድሞ የድምፅን ፍጥነት ያለፈ መሣሪያ ነው ማለት ነው።

ሙከራ፦ አንዱ ልጅ ጅራፉን ይዞ ከእናንተ 450 እርምጃ ያህል ርቆ ይቁም። ሲያጮኽ ክንዱን በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ ድምፁ የሚደርሰው ግን አንድ ሴኮንድ ያህል ዘግይቶ ነው። ብርሃን ወዲያው ይደርሳል፤ ድምፅ ግን መንገድ ይሄዳል።

ይህን የተረዳ ልጅ በክረምት መብረቅን ሊለካ ይችላል። ብልጭታውን ካየ ጀምሮ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ በቀስታ ሴኮንድ ይቁጠር፤ ለየ3 ሴኮንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሳይሞላ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ያነሰ ርቀት ላይ ስለሆነ ወደ ቤት መግባት ያስፈልጋል። በብቸኛ ዛፍ ሥር መጠለል ግን አደጋ ነው። ከብት ለሚጠብቁ የደጋ ልጆች ይህ ቁጥር ከጨዋታ ይበልጣል፤ ነፍስ የሚያድን ነው።

ለ) ጥላዬ የት ሄደ?

ሕፃን ጥላውን ሊረግጥ ሲሮጥ ያላየ የለም። ጥላ ጧትና ማታ ይረዝማል፤ እኩለ ቀን ላይ ያጥራል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ጎንደር ላይ ግን በዓመት ሁለት ቀን ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ በእኩለ ቀን ጥላ የማይኖረው መሆኑን ስንቶቻችን አስተውለናል?

ጎንደር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል አለፍ ብላ ትገኛለች። ፀሐይ በዓመቱ ውስጥ ወደ ሰሜን ስትወጣና ወደ ደቡብ ስትመለስ ሁለት ጊዜ በአናታችን ላይ ታልፋለች። የመጀመሪያው ሚያዝያ 15 ቀን አካባቢ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ነሐሴ 13 ቀን አካባቢ፣ ማለትም ልጆች ጅራፍ በሚያጮኹበት በቡሄ ሰሞን ነው። በነዚህ በሁለቱ ቀናት መካከል ደመናው ገለጥ ካለ ሌላ የሚያስደንቅ ነገር ይታያል፤ ዓመቱን ሙሉ በቀትር ወደ ሰሜን ሲወድቅ የኖረው ጥላ ወደ ደቡብ ይዞራል።

ሙከራ፦ በግቢያችሁ ደልዳላ ቦታ ቀጥ ያለ ዘንግ ትከሉ። ቀጥ ማለቱን በክር ላይ ድንጋይ አንጠልጥላችሁ አረጋግጡ። ጥላው የሚያርፍበትን ጫፍ በየግማሽ ሰዓቱ በጠጠር ምልክት አድርጉ። ጥላው እጅግ የሚያጥረው በሰዓታችን ልክ በ6 ሰዓት ሳይሆን በ6 ሰዓት ተኩል ገደማ መሆኑን ታገኛላችሁ። ይህም የሆነው የአገራችን ሰዓት የተመሠረተው ከእኛ በስተ ምሥራቅ በሚገኘው በ45ኛው ዲግሪ መሥመር ላይ ስለሆነ ነው፤ ፀሐይ ከዚያ ተነሥታ ጎንደር ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅባታል። ይህን ሲያደርጉ ልጆች ፀሐይን በዓይናቸው እንዳያዩ ተጠንቀቁ፤ የሚታየው ጥላው ነው።

እንዲህ ያለው የጥላ ጥያቄ ትንሽ አይደለም። ከ2200 ዓመታት በፊት ገደማ በግብፅ የነበረው ኤራቶስቴንስ የሚባል ሊቅ በአስዋን በበጋው ረጅም ቀን ቀትር ላይ ጥላ እንደማይኖር፣ በእስክንድርያ ግን በዚያው ቀን ጥላ እንዳለ አስተውሎ፣ ከዚህ ልዩነት ተነሥቶ የምድርን ዙሪያ አስልቷል። የያዘው መሣሪያ ከዘንግና ከጥላ የራቀ አልነበረም።

ሐ) እንጀራው ለምን ዓይን ያወጣል?

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። የሚበቃ ባይሆንም እንኳ ልጅ ሲቦካ አጠገብ ቆሞ ማየቱ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው።

በእርሾ ውስጥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ሕያዋን አሉ። በጤፉ ውስጥ ያለውን ስኳርነት ያለው ምግብ ይመገባሉ፤ ሲመገቡም ሊጡን ያኮመጥጡታል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል አየርም ያወጣሉ። ሊጡ ኩፍ የሚለው በዚህ አየር ምክንያት ነው። እናቶች ከሊጡ ጥቂት ወስደው በፈላ ውሃ አብስለው አብሲት ሲመልሱበት ሊጡ አየሩን የመያዝ ችሎታው ይሻሻላል። በጋለ ምጣድ ላይ ሲፈስ አየሩ በሙቀት እየሰፋ ወደ ላይ ይወጣና ይፈነዳል፤ እያንዳንዱ ዓይን የአንዲት የአየር ኳስ መውጫ በር ነው። እንጀራ ከላይ በኩል ብቻ ዓይን የሚኖረው አየሩ የሚወጣው ወደ ላይ ስለሆነ ነው።

ጥቃቅኖቹ ሕያዋን ሙቀት ይወዳሉ። በደባርቅ ብርድ ሊጥ ቶሎ የማይነሣው፣ በቆላ ግን ቶሎ የሚኮመጥጠው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሙከራ፦ ከአንድ ሊጥ በሁለት ብርጭቆ እኩል ቅዱና አንዱን ምድጃ አጠገብ፣ ሌላውን ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ። የሊጡን ከፍታ በየብርጭቆው ላይ በክር አስራችሁ ምልክት አድርጉ። ጥቂት ሰዓት ቆይታችሁ አወዳድሩ። ጠባብ አፍ ባለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ሩቡን ያህል ሊጥ ጨምራችሁ በአፉ ላይ ፊኛ ብታስሩበት ደግሞ ፊኛው ቀስ በቀስ ይነፋል። ጠርሙሱን ግን በክዳን አጥብቃችሁ አትዝጉት፤ አየሩ መውጫ ሲያጣ ሊፈነዳ ይችላል።

መ) ውሃው እየፈላ ባቄላው ለምን አይበስልም?

ከቆላ ወደ ደጋ የሄደ ሰው ሁሉ ባቄላና አተር በደጋ ለመብሰል እንደሚዘገይ ያውቃል። ምክንያቱ የእንጨቱ ወይም የድስቱ አይደለም። በባሕር ጠረፍ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በውሃው ላይ የሚጫነው አየር ስለሚሳሳ ውሃው ሳይግል ቶሎ ይፈላል። ከ2100 ሜትር በላይ ባለችው በጎንደር በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በደባርቅ ከዚያ ሁለት ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። ከ4500 ሜትር በላይ በሆነው በራስ ዳሸን ጫፍ ደግሞ በ85 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላውን የሚያበስለው የውሃው ሙቀት እንጂ መንፈቅፈቁ ስላልሆነ ጊዜ ይወስዳል።

እዚህ ላይ አስተዋይ ልጅ «ታዲያ እንጨት ብንጨምርበትስ?» ማለቱ አይቀርም። መልሱን ልብ እንበለው፤ ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ እንጨት ቢጨመርበትም ከዚያ በላይ አይግልም፤ በእንፋሎት እየሆነ ቶሎ ያልቃል እንጂ። ስለዚህ ማገዶ የሚቆጥበው ባቄላውን ከዋዜማው መዘፍዘፍ፣ ድስቱን መክደን፣ ከፈላም በኋላ እሳቱን መቀነስ ነው። ተራራ ወጥተው እንጨት ተሸክመው ለሚመጡ እናቶችና እኅቶች ይህ እውቀት የግማሽ ሸክም ዕረፍት ሊሆን ይችላል።

ሌላም ጥቅም አለው። የምንጭና የወንዝ ውሃ ለመጠጥ ሲፈላ፣ ከ2000 ሜትር በላይ በሆነ አገር እየተንፈቀፈቀ 3 ደቂቃ እንዲቆይ ይመከራል። ጎንደርም ሆነች ደጋው ሁሉ ከዚህ ከፍታ በላይ ስለሆነ እንፋሎት እንዳየን ማውረድ አይገባንም።

ሠ) ጧፉ ብርጭቆ ሲደፋበት ለምን ይጠፋል?

በጧፍ ላይ ብርጭቆ ሲደፋ ነበልባሉ ጥቂት ቆይቶ እየደከመ ይጠፋል። እሳት ለመንደድ በአየር ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይፈልጋል፤ በብርጭቆው ውስጥ ያለው ሲያንሰው ይጠፋል። በትልቅና በትንሽ ብርጭቆ እየሞከርን የትኛው እንደሚዘገይ ልጁ አስቀድሞ እንዲገምት ብናደርግ ደስ የሚል ትምህርት ነው። ይህንንም ታላቅ ሰው አጠገቡ ሳይኖር አይሞክረው።

ከዚህች ትንሽ ሙከራ የሚገኘው ትምህርት ግን ትንሽ አይደለም። በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ደጋው ሲበርድ፣ ከሰል አቀጣጥሎ ምድጃውን ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ በርና መስኮት ዘግቶ የሚተኛ ሰው አለ። «ጢሱ አልቋል፤ ፍም ብቻ ነው» ብሎ ይተማመናል። የሚገድለው ግን ጢሱ አይደለም። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ይወጣዋል፤ አየር በተዘጋበት ቤትም እየተጠራቀመ ይሄዳል። ይህ መርዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም፤ ዓይን አያቃጥልም። ከደም ጋር ተጣብቆ ኦክስጅን ወደ ሰውነት እንዳይደርስ ይከለክላል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ንቁ የሆነ ሰው ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይሰማዋል። እንዲህ ሲሆን ወዲያው በሩን ከፍቶ ሁሉንም ወደ ውጭ ማውጣት፣ ከዚያም ወደ ሕክምና መውሰድ ያስፈልጋል። ጧፍ ወይም ኩራዝ እየበራ ስለሆነ አየሩ ደኅና ነው ማለትም ስሕተት ነው፤ መርዙ ሰው የሚጎዳው መብራት ከመጥፋቱ አስቀድሞ ነው።

«ጢስ የሌለው ከሰል ለምን ይገድላል?» ብሎ የጠየቀና መልሱን የተረዳ ልጅ፣ በዚያች ሌሊት ታላላቆቹ ፍሙን ሊያስገቡ ሲሉ ይናገራል። «ዝም በል» ተብሎ ያደገ ልጅ ግን ቢያውቅ እንኳ አፉን አይከፍትም። ጥያቄን የማፈን ዋጋው እስከዚህ ሊደርስ ይችላል።

3ኛ. ከአንድ «ለምን?» የተገኘ ነገር

በአገራችን ሰው የተደረገ አንድ ምሳሌ እንጨምር። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በአድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ ነበር። ይህን በሽታ የሚያመጣው ትል በውሃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ያድግና ወደ ውሃው ወጥቶ በሰው ቆዳ ይገባል። በእኛም በኩል በጣና ዳርቻ የታወቀ በሽታ ነው። ተመራማሪው ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። «ለምን እዚህ ቦታ ብቻ?» ብለው ጠየቁ። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ወስደው በእንዶድ አረፋ ሲሞክሩ ሞቱ።

እንዶድ በደጋችን አጥር ላይ የሚበቅል ነው፤ እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ሲያነጹበት የኖሩ ነው። አዲሱ ነገር ጥያቄው ነበር። ይህ ምርምር ቀጥሎ፣ ዶክተር አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። ጥያቄያቸው የተነሣው ከልብስ ማጠቢያ ወንዝ ዳር መሆኑን አንርሳ። በየዕለቱ የምናየውን ነገር እንደ አዲስ ማየት የሚችል ሰው በየቤታችን አለ፤ እርሱም ሕፃኑ ነው።

4ኛ. እንዴት እንመልስ?

አንደኛ፤ ከመመለሳችን በፊት «አንተስ ምን ይመስልሃል?» ብለን እንጠይቀው። የሕፃን ግምት ብዙ ጊዜ የሚያስቅ ቢሆንም አንሳቅበት። «ጥላዬ ቀትር ላይ ከእግሬ ሥር ይደበቃል» ያለ ልጅ በራሱ ቃል ትክክል ተናግሯል።

ሁለተኛ፤ የማናውቀውን «አላውቅም፤ አብረን እንየው» ማለት ነውር አይደለም። ልጁ ከዚህ የሚማረው ታላቅ ሰውም ይማራል የሚለውን ነው። ቀጥሎ መጽሐፍ ማየት፣ የሳይንስ መምህር መጠየቅ ወይም መሞከር ይቻላል።

ሦስተኛ፤ ስንሞክር አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። ሁለቱ የሊጥ ብርጭቆዎች በሙቀት ብቻ እንዲለያዩ እንጂ አንዱ ብዙ እርሾ፣ ሌላው ጥቂት እርሾ እንዳይኖረው። ያለዚያ ልዩነቱን ያመጣው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ይህች አንዲት ሕግ የሳይንስ ሁሉ መሠረት ናት፤ የስድስት ዓመት ልጅም ይገባዋል።

አራተኛ፤ ያየውን ራሱ ይናገር። ለአያቱ ወይም ለጓደኛው እንዲያስረዳ እናድርገው። በአፉ ያስረዳው አይጠፋበትም።

አምስተኛ፤ ለሴት ልጅና ለወንድ ልጅ እኩል እንመልስ። ብዙ ጊዜ ሴቷን «ሂጂ ወደ ጓዳ» ብለን ጥያቄዋን እናቋርጣለን። ነገር ግን ከላይ የጻፍናቸውን ብንመለከት እርሾው፣ አብሲቱ፣ ባቄላውና እንዶዱ ሁሉ የሚገኙት በጓዳ ነው። የቤቱ ቤተ ሙከራ ጓዳው ስለሆነ ለወንዱም ይከፈትለት፤ ለእርሷም በዚያ ውስጥ ያለውን ሥራ ብቻ ሳይሆን ምክንያቱን እናሳውቃት።

ስድስተኛ፤ የሚሞከረውንና የማይሞከረውን እንለይ። የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ በረኪና፣ የተባይ መድኃኒትና ነጭ ጋዝ ለሕፃን ሙከራ አይሆኑም። በተለይ ነጭ ጋዝ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ማስቀመጥ ትልቅ አደጋ ነው፤ ሕፃን መጠጥ መስሎት ይጎነጨዋል። ይህ ቢደርስ እንዲያስመልሰው ማድረግ አይገባም፤ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ገብቶ የባሰ ይጎዳዋል። ፈጥኖ ወደ ሕክምና መውሰድ ነው። ለልጁም «ጭራቅ አለው» ሳይሆን «ይህ መርዝ ነው፤ ሳንባህን ያቃጥላል» ብለን እውነቱን እንንገረው። ምክንያቱን ያወቀ ልጅ እኛ በሌለንበትም ይጠነቀቃል።

ውድ ወጣቶች፤ ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም። ዘንግ፣ ክር፣ ብርጭቆ፣ ጧፍና ጥቂት ሊጥ በየቤታችን አሉ። የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ትዕግሥት ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን በቀን አንድ ጥያቄን እስከ መጨረሻው ሰምቶ ለመመለስ የሚበቃ ያህል ነው።

ለመወያያ የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ ያለ ሕፃን በዚህ ሳምንት ያነሣቸውን ጥያቄዎች መዝግቡ። ስንቱ መልስ አገኘ? ስንቱስ «ዝም በል» ተባለ?
2. «ማን ሠራው?» በሚለውና «እንዴት ይሆናል?» በሚለው ጥያቄ መካከል ያለውን ልዩነት በምሳሌ አስረዱ።
3. እንስራ ውስጥ ያደረ ውሃ በጀሪካን ካደረው ይልቅ ለምን ይቀዘቅዛል? (ፍንጭ፦ እንስራውን በውጭ በኩል ዳስሱት፤ ከዚያም እጃችሁን አርጥባችሁ እፍ በሉበት።)
4. በአካባቢያችሁ ከሰል በዝግ ቤት የሚያነዱ ቤተሰቦች ቢኖሩ፣ አክብሮት ሳይጎድል እንዴት ትነግሯቸዋላችሁ?
5. ቡሄ ሲደርስ በየግቢያችሁ ዘንግ ተክላችሁ ከ6 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ጥላውን ለኩ። ውጤቱን የምትመዘግቡት ሕፃኑ ራሱ ጠጠሩን እያስቀመጠ ይሁን።